ከጉድጓዱ በፊት ጥናቱ፦ የደብረ ብርሃን ከርሰ ምድር ውኃና የፊዚክስ ምስክርነት

ከአዲስ አበባ በሰሜን ምሥራቅ አቅጣጫ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ደብረ ብርሃን የደረሰን መንገደኛ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀበለው የአምባው ብርድ ነው። ከተማይቱ የተቀመጠችው ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ሜዳማ ስፍራ ላይ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ወራት የበሬሳ ወንዝ ሞልቶ፣ ጨፌው ረስርሶ፣ የገብሱ ማሳ ዳር ዳሩ ውኃ ተኝቶበት የተመለከተ ሰው በዚህ አገር የውኃ ችግር አለ ቢሉት ለማመን ይቸገራል። ያው ሰው በጥር ወር ተመልሶ ቢመጣ ግን ወንዙ ቀጥኖ፣ መረሬው አፈር ተሰነጣጥቆ፣ በገጠሩ ሴቶችና ልጆች ጀሪካን ይዘው በምንጭ ዳር ተራ ሲጠብቁ ያገኛቸዋል።

በዓመት 900 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚዘንበው ዝናብ የት ገባ? ከፊሉ ተንኖ ወደ ሰማይ ይመለሳል፤ ከፊሉ በበሬሳ አድርጎ ወደ ጀማ፣ ከጀማም ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ ጥቂቱ ደግሞ ወደ ምድር ውስጥ ይሰርጋል። የጉድጓድ ውኃ የሚገኘው ከዚህ ከጥቂቱ ነው። ፈላጊው ግን እየበዛ ሄዷል። በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ትታወቅ የነበረችው ደብረ ብርሃን በ1999 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ አገኘች፤ የቢራ ፋብሪካዎች ተተከሉባት፤ በ2011 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀባት፤ በቅርብ ዓመታትም ከቀያቸው የተፈናቀሉ ብዙ ወገኖችን ተቀብላለች። ይህ ሁሉ ሕዝብና ፋብሪካ ውኃ ይፈልጋል፤ በዙሪያዋ ያለው አርሶ አደርም እንዲሁ።

ስለዚህ ጉድጓድ ሲታሰብ «ውኃ አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። «ምን ያህል ነው? ከየት ይመጣል? ለስንት ዓመት ይዘልቃል? ከእኛ በቀር ማን ይጠጣዋል?» የሚሉት ጥያቄዎች ከጉድጓዱ ንድፍ በፊት መልስ ማግኘት አለባቸው። በዚህ ጽሑፍ ፊዚክስ ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠውን ምስክርነት፣ ምስክርነቱም የሚያበቃበትን ድንበር ለመዳሰስ እንሞክራለን። የምንነሣው ግን ከራሳችን ስሕተት ነው።

እኛው የሠራነው ስሕተት

ከጥቂት ዓመታት በፊት በደብረ ብርሃን ዙሪያ ለምትገኝ አንዲት መንደር የጉድጓድ ቦታ እንድንመርጥ ተጠይቀን ከተማሪዎቻችን ጋር ሄድን። የመንደሩ ነዋሪዎች ለቁፋሮው ከየቤታቸው ገንዘብ አዋጥተው ነበር። መሣሪያችንን በሁለት ቦታዎች ተከልን፤ አንደኛው ከኮረብታው ግርጌ፣ ሁለተኛው ከመንደሩ አጠገብ ባለው ጨፌ ላይ። ጨፌው ለመንደሩ ይቀርባል፤ መሣሪያውም በዚያ ቦታ ኤሌክትሪክን በቀላሉ የሚያሳልፍ ወፍራም ንብርብር መኖሩን አሳየን። እርጥብ አለት ኤሌክትሪክን ከደረቅ አለት ይልቅ በቀላሉ ስለሚያሳልፍ፣ ውኃውን ያገኘነው መሰለን።

በትራቸውን ተደግፈው ሲመለከቱን የቆዩ አንድ አዛውንት ቀረብ አሉና «ልጆቼ፣ እዚህ ቦታ የክረምቱ ውኃ እስከ ጥቅምት ይተኛል እንጂ አይሰርግም። በጋ ከብቶቻችንን የምናጠጣው ከዚያ ከኮረብታው ሥር ነው» አሉን። «እሺ አባታችን፣ እግዜር ይስጥልን» ብለን ወደ ሥራችን ተመለስን። ንግግራቸውን ከተማሪዎቻችን አንዱም፣ እኛም፣ በማስታወሻ ደብተራችን አላሰፈርንም።

የቁፋሮው ማሽን መጥቶ ሥራ ሲጀምር በመጀመሪያ የወጣው ጥቁር ጭቃ፣ ቀጥሎም ግራጫ ሸክላ ነበር፤ ከሸክላው በታች ስንጥቅ የሌለው ድፍን ባዛልት ተከተለ። ጉድጓዱ ለአንድ ቤተሰብ እንኳ የሚበቃ ውኃ አልሰጠም። ቧንቧ ሳይገባበት ተደፈነ፤ ሴቶቹም ወደ አሮጌው ምንጭ ተመለሱ። መሣሪያው የሰጠን ቁጥር ትክክል ነበር። የተሳሳተው ትርጉማችን ነው። አዛውንቱ የነገሩን የመሬቱን ውኃ የማሳለፍ ዐቅም የሚገልጽ ምልከታ ነበር፤ እኛ ግን እንደ ጨዋታ ሰማነው።

በተደራረበ ባዛልት ውስጥ ውኃ የት ይገኛል?

ትምህርታችንን በተከታተልንበት በባሕር ማዶ ያነበብናቸው መጻሕፍት ስለ ከርሰ ምድር ውኃ ማስረዳት የሚጀምሩት ከአሸዋ ነው። ውኃ በአሸዋ ቅንጣቶች መካከል ባሉ ክፍተቶች ይጠራቀማል፤ ንብርብሩ ሰፊና ወጥ ስለሆነ በአንድ ቦታ የተገኘው ውኃ በመቶ ሜትር ርቀት ላይም እንደሚገኝ መገመት ይቻላል። በሸዋ ደጋ ግን እንዲህ ያለው ግምት አያዋጣም።

ይህ አምባ የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ጀምሮ ከምድር ስንጥቆች የፈሰሰው ቅልጥ አለት እየተደራረበ ደጋውን ገነባ። ከዚያ በኋላ የጋሻ ቅርጽ ያላቸው ትልልቅ እሳተ ገሞራዎች ተነሥተው ተጨማሪ ባዛልት ደረቡበት። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው ጣርማ በር ስሙን ለዚህ ዘመን ባዛልት አውርሷል፤ የሥነ ምድር ሊቃውንት «የጣርማ በር ባዛልት» ብለው ይጠሩታል።

እያንዳንዱን የባዛልት ፍሳሽ እንደ አንድ እንጀራ፣ አምባውንም እንደ መሶብ ሙሉ የእንጀራ ክምር አድርገን እናስበው። ቅልጡ አለት ሲቀዘቅዝ በላይኛው ክፍሉ ጋዝ እየወጣ ዓይን ዓይን ይሠራል፤ ከላይና ከታችም በብዛት ይሰነጣጠቃል። መካከለኛው ክፍል ግን ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ ድፍን ሆኖ ይቀራል። በሁለት ፍሳሾች መካከል ረጅም ዘመን ካለፈ የላይኛው ገጽ ወደ አፈርነት ተለውጦ፣ በኋላም በሚቀጥለው ትኩስ ፍሳሽ ተጠብሶ ቀይ ንብርብር ይሆናል። ስለዚህ ውኃው በአብዛኛው የሚገኘው በፍሳሾቹ መጋጠሚያና በስንጥቆቹ ውስጥ ነው። አንድ ጉድጓድ መጋጠሚያውን ሲያገኝ ውኃ ይሰጣል፤ ጥቂት አሥር ሜትሮች ራቅ ብሎ የተቆፈረው ድፍኑን ክፍል ብቻ ወግቶ ሊቀር ይችላል።

ሌላም ጉዳይ አለ። ከከተማይቱ ወደ ምሥራቅ ብዙም ሳይርቅ አምባው በድንገት ያበቃል። በአንኮበርና በጣርማ በር በኩል መሬቱ በገደል ወደ ስምጥ ሸለቆው ይወርዳል፤ በዚያ በኩል የሚወርደው ውኃም ወደ አዋሽ ይሄዳል። ስምጥ ሸለቆው ሲከፈት አለቱን የሰነጣጠቁት ስብራቶች ገደሉን ተከትለው ተዘርግተዋል። ስብራት አለቱን አድቅቆ ለውኃ መተላለፊያ ሊሆን ይችላል፤ በሸክላ ከተሞላ ደግሞ እንደ ግድግዳ ሊያግደው ይችላል። በመሬት ገጽ ላይ የዓባይንና የአዋሽን ውኃ የሚለየው መስመር ከመሬት በታችም በዚያው ቦታ ያልፋል ብሎ አስቀድሞ መደምደም አይቻልም።

በዚህ ጉዳይ ላይ ካርታዎች መነሻ ይሆኑናል። እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመው የኢትዮጵያ ሃይድሮጂኦሎጂ ካርታ የአገሪቱን ውኃ አዘል አለቶች በአንድነት ያሳየ ታላቅ ሥራ ነው። መስፈርቱ ግን 1 ለ2,000,000 ነው፤ ይኸውም በካርታው ላይ ያለ 1 ሚሊ ሜትር በመሬት ላይ 2 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። አንዲት መንደር ከነማሳዋና ከነጨፌዋ በእርሳስ ጫፍ ነጥብ ውስጥ ትገባለች። ካርታው ስለ አገሩ ይነግረናል፤ ስለ ቦታው ግን ራሳችን መለካት አለብን።

ኤሌክትሪክ ወደ ምድር ሲላክ

ለመለካት ከሚያገለግሉት ዘዴዎች በስፋት የሚሠራበት የሬዚስቲቪቲ ጥናት ነው። ሬዚስቲቪቲ አንድ ቁስ የኤሌክትሪክን ፍሰት ምን ያህል እንደሚገታ የሚገልጽ ባሕርይ ሲሆን የሚለካው በኦም ሜትር ነው። ፈረንሳዊው ኮንራድ ሽሉምበርገር እ.ኤ.አ. በ1912 የመስክ ሙከራውን ከጀመረ ወዲህ መሠረተ ሐሳቡ አልተለወጠም። አራት የብረት ካስማዎች በአንድ መስመር ላይ ይተከላሉ፤ በቅደም ተከተል ሀ፣ ለ፣ ሐ እና መ እንበላቸው። በሁለቱ ዳር ካስማዎች፣ በሀ እና በመ፣ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ይላካል፤ በመካከለኞቹ በለ እና በሐ መካከል የሚፈጠረው ቮልቴጅ ይለካል። ዳር ካስማዎቹ እየተራራቁ በሄዱ ቁጥር ኤሌክትሪኩ ወደ ጥልቁ ስለሚዘልቅ፣ ልኬቱም ስለ ታችኞቹ ንብርብሮች መናገር ይጀምራል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ዳር ካስማዎቹ ከመካከሉ ነጥብ በየአቅጣጫው 100 ሜትር፣ መካከለኞቹ 10 ሜትር ይርቃሉ። የአቀማመጡ ቋሚ ብዜት የሚገኘው ከ100 ካሬ ላይ የ10 ካሬ ተቀንሶ፣ በፓይ ተባዝቶ፣ በለ እና በሐ መካከል ላለው 20 ሜትር ሲካፈል ነው፤ ውጤቱ 1,555 ሜትር ያህል ይሆናል። 200 ሚሊ አምፔር ልከን 4 ሚሊ ቮልት ብናነብ፣ 0.004ን ለ0.2 አካፍለን በ1,555 ስናባዛ 31 ኦም ሜትር እናገኛለን።

ይህ 31 ምን ማለት ነው? ስንጥቅ የሌለው ደረቅ ባዛልት በመቶዎችና በሺዎች የሚቆጠር ኦም ሜትር ይሰጣል፤ ስለዚህ ድፍን አለት ብቻ አለመሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን ውኃ የሞላው የተሰነጣጠቀ ባዛልት በዚህ አካባቢ ያለ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል፤ ሸክላ ከሌላ አለት ጋር ተደባልቆም ይህንኑ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። ሸክላ በቅንጣቶቹ ገጽ ላይ በያዛቸው አዮኖች አማካይነት ኤሌክትሪክን በሚገባ ያስተላልፋል፤ ውኃ ይዞም ለጉድጓድ አይለቀውም። በጨፌው ላይ የገጠመን ይኸው ነው።

በዚህ ላይ ሌላ አሻሚነት ይታከላል። በሁለት አስቸጋሪ ንብርብሮች መካከል የተኛ ኤሌክትሪክ አሳላፊ ንብርብር ሲኖር መሣሪያው በደንብ የሚያየው ውፍረቱ ለሬዚስቲቪቲው ሲካፈል የሚገኘውን ቁጥር ነው። 20 ሜትር ውፍረት ያለው ባለ 10 ኦም ሜትር ንብርብርና 40 ሜትር ውፍረት ያለው ባለ 20 ኦም ሜትር ንብርብር ሁለቱም 2 ስለሚሰጡ ከላይ ሆኖ አንዱን ከሌላው መለየት እጅግ ያዳግታል። የመጀመሪያው ምናልባት ሸክላ፣ ሁለተኛው ምናልባት ውኃ አዘል አለት ነው። ኮምፒዩተሩ በሁለቱም በኩል ያማረ ሥዕል ይሥልልናል።

አሻሚነቱን የሚፈታው ከመሣሪያው ውጭ ያለ ማስረጃ ነው። በአቅራቢያ የተቆፈሩ ጉድጓዶች የቁፋሮ መዝገብና የውኃ ከፍታ፣ የአየርና የሳተላይት ፎቶግራፎች የሚያሳዩዋቸው የስብራት መስመሮች፣ በበጋም የማይደርቅ ሣር፣ ውኃ የሚተኛበትና የሚሰርግበት ቦታ ሁሉ ይመዘገባል። ምንጭ በተለይ ትልቅ ምስክር ነው፤ የከርሰ ምድር ውኃ ራሱ ወደ ገጽ የወጣበት ቦታ ነውና። በአንድ መስመር ላይ ያልዋሉ የሦስት ምንጮች ወይም ጉድጓዶች የውኃ ከፍታ ከታወቀ፣ በሦስቱ ነጥቦች የሚያልፈውን ጠፍጣፋ ገጽ በጂኦሜትሪ ማግኘት ይቻላል። ሦስቱ ከአንድ ውኃ አዘል አለት የሚቀዱ ከሆነ፣ ውኃው የሚፈሰው ይህ ገጽ ወደሚያዘቀዝቅበት አቅጣጫ ነው።

ጉድጓዱ ሲፈተን

ቦታው ከተመረጠና የሙከራ ጉድጓድ ከተቆፈረ በኋላም ንድፉ አልተጠናቀቀም። ፓምፑ፣ ጥልቀቱና በቀን የሚቀዳው መጠን የሚወሰኑት በፓምፕ ሙከራ ነው። በሙከራው ውኃው በማይለወጥ መጠን እየተቀዳ በጉድጓዱ ውስጥ ያለው ከፍታ ሲወርድ ይመዘገባል። ቻርለስ ታይስ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1935 ይህን ሂደት የገለጸው ሙቀት በጠጣር ነገር ውስጥ የሚተላለፍበትን ሒሳብ ተውሶ ነው። የሙቀትን ትምህርት የተከታተለ ተማሪ የጉድጓድን ባሕርይ ለመረዳት ግማሽ መንገድ ተጉዟል ማለት ይቻላል።

ከሒሳቡ የሚገኘው ዐቢይ ውጤት የሚከተለው ነው፦ ጥቂት ጊዜ ካለፈ በኋላ የውኃው መውረድ የጊዜን ሎጋሪዝም ይከተላል። ከ1ኛው እስከ 10ኛው ሰዓት 3 ሜትር ከወረደ፣ ከ10ኛው እስከ 100ኛው ሰዓትም 3 ሜትር ይወርዳል፤ ከ100ኛው እስከ 1,000ኛውም እንዲሁ። በዚህ አካሄድ ከ10ኛው ሰዓት ጀምሮ 10,000ኛው ሰዓት እስኪደርስ፣ ማለትም ከአንድ ዓመት ጥቂት እስኪያልፍ፣ ውኃው 9 ሜትር ይወርዳል።

አሁን በአቅራቢያ በሸክላ የተሞላ ቀጥ ያለ ስብራት አለ እንበል። የመውረዱ ተጽዕኖ ግድግዳው ጋ ደርሶ ከተመለሰ በኋላ ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል፤ 3 ሜትር የነበረው 6 ሜትር ይሆናል። ሙከራችን በ10 ሰዓት ቢያበቃና ግድግዳው ከዚያ በኋላ ቢገጥመን፣ ከዓመት በኋላ የምናገኘው መውረድ ወደ 18 ሜትር ይጠጋል። ፓምፑን በ10ኛው ሰዓት ከነበረው የውኃ ከፍታ 12 ሜትር ዝቅ አድርገን ከተከልነው ዓመት ሳይሞላ አየር መሳብ ይጀምራል። ወጪ ለመቆጠብ ሲባል ያጠረ ሙከራ የኋላ ኋላ ጉድጓድ ያስከፍላል። በፍሳሽና በስብራት በተከፋፈለ ባዛልት ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለው ግድግዳ የሚጠበቅ ነገር ነው።

የአንድ ጉድጓድ ማሳ

ገበሬ የምርቱን መጠን ከማሳው ስፋት ጋር አያይዞ ያውቃል። ጉድጓድም ማሳ አለው። ለስሌት ያህል ከ900 ሚሊ ሜትሩ ዝናብ 5 በመቶው ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ይደርሳል ብለን እንነሣ፤ ትክክለኛው መጠን ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ እሱን መገመት የጥናቱ አንድ ተግባር ነው። 5 በመቶው 45 ሚሊ ሜትር ነው። ይህም በ1 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ በዓመት 45,000 ሜትር ኩብ ይሆናል።

በሰከንድ 5 ሊትር የሚቀዳ የመንደር ጉድጓድ በቀን 16 ሰዓት ቢሠራ 288 ሜትር ኩብ፣ በዓመት 105,000 ሜትር ኩብ ያህል ያወጣል። የወጣውን ለመተካት 2.3 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ የወረደ ዝናብ ያስፈልጋል። በሰከንድ 20 ሊትር የሚቀዳ የከተማ ወይም የፋብሪካ ጉድጓድ ደግሞ 9.3 ካሬ ኪሎ ሜትር ይፈልጋል፤ እንዲህ ያሉ አሥር ጉድጓዶች 93 ካሬ ኪሎ ሜትር ይፈልጋሉ። ማሳዎቹ ከተደራረቡ አንዱ የሚቀዳው የሌላውን ነው። በተራራቁ አጥሮች ውስጥ የተቆፈሩ፣ በተለያዩ ሰነዶች የተመዘገቡ ጉድጓዶች ከታች አንድ ገንዳ ሊጋሩ ይችላሉ። በመጀመሪያ የሚደርቀውም ብዙውን ጊዜ ጥልቀት የሌለው የገበሬው የእጅ ጉድጓድ ወይም የመንደሩ ምንጭ ነው።

የውኃው ዕድሜም ይመረመራል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተደረጉት የኑክሌር ቦምብ ሙከራዎች ትሪቲየም የተባለውን የሃይድሮጂን ዓይነት በዝናብ ውስጥ በትነውት ነበር። የዚህ ግማሽ ዕድሜው 12.3 ዓመት የሆነ ንጥረ ነገር በጉድጓድ ውኃ ውስጥ ከተገኘ፣ ቢያንስ ከፊሉ ውኃ ከዚያ ዘመን ወዲህ የሰረገ ነው። ትሪቲየም የሌለበት ውኃ ግን በዝግታ የሚተካ የቆየ ክምችት ሊሆን ስለሚችል አቀዳዱ ቁጠባን ይሻል።

ከጥናት ወደ ንድፍ

ይህ ሁሉ ከታወቀ በኋላ ንድፉ በምክንያት ይቆማል። ሽንትር ያለው ማጣሪያ ቧንቧ ውኃ አዘሉ መጋጠሚያ ባለበት ጥልቀት፣ ድፍኑ ቧንቧ በሌላው ክፍል ይገባል። ውኃው በማጣሪያው ሽንትሮች የሚያልፍበት ፍጥነት በሰከንድ ከ3 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ይመከራል፤ ለ5 ሊትር በሰከንድ ይህ ማለት ቢያንስ 0.17 ካሬ ሜትር ክፍት ስፋት ነው። ፍጥነቱ ከበዛ ደቃቅ አሸዋ ይገባና ፓምፑን ይበላል። በቧንቧው ዙሪያ የታጠበ ጠጠር ይሞላል፤ የላይኛው ክፍል በሲሚንቶ ይታሸጋል፤ አለዚያ የከብት በረትና የሽንት ቤት ፍሳሽ በቧንቧው ጎን ተከትሎ ይወርዳል። የውኃው ናሙናም ወደ ቤተ ሙከራ ይላካል። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች የሚቸገሩበት ፍሎራይድ የዓለም የጤና ድርጅት ከሚመክረው 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር መብለጥ አለመብለጡ የሚታወቀው በመለካት ብቻ ነው።

ወደዚያች መንደር ተመልሰን ሄድን። በዚህ ጊዜ ከመሣሪያው በፊት አዛውንቱን ፈልገን ከእሳቸው ጋር ምንጮቹን አንድ በአንድ ዞርን፤ ከፍታቸውን ለካን፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ መዘገብን። አንደኛው ምንጭ ጀሪካኑን በ40 ሰከንድ ሞላው፤ ይህም በሰከንድ ግማሽ ሊትር ነው። ጉድጓዱ ከኮረብታው ግርጌ፣ ከምንጩ ራቅ ብሎ ተቆፍሮ ውኃ ሰጠ። ነዋሪዎቹ ጉድጓዱ ከሚችለው አሳንሰው እንዲቀዱ መከርን፤ ምክንያቱም ሙሉውን ብንቀዳ ምንጩ እንደሚቀንስ ሙከራው አሳይቶናል። ያሳነሰ ፓምፕ ይተከል ማለታችን ሁሉንም አላስደሰተም። ከተማሪዎቻችን አንዱ አሁንም በየወሩ ጀሪካኑን ይዞ ወደ ምንጩ ይሄዳል።

ውድ ተማሪዎች፣ ይህን ለማድረግ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በየትምህርት ቤታችሁና በየመንደራችሁ አንድ ጉድጓድ ወይም ምንጭ ይኖራል። ለጉድጓዱ ሜትር የተለካበት ገመድ፣ ለምንጩ ጀሪካንና ሰዓት ይበቃሉ። በየወሩ በተመሳሳይ ቀን፣ ጠዋት ሰው ሳይቀዳ፣ ለክታችሁ ቀኑንና ቁጥሩን ጻፉ። ከአምስት ዓመት በኋላ በአጠገባችሁ አዲስ ጉድጓድ ለመቆፈር የሚመጣ ባለሙያ ከምንም አስቀድሞ የሚጠይቃችሁ ያንን ደብተር ነው።